ጀርባ ቆጠራ

ይሄ ነገር የደረሰው በእኔው በራሴ ላይ ነው።

አውቃለሁ... ሁሉም እንዲህ ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔ ደግሞ በሰፈርም በሥራ ቦታም በወሬ ቅደዳ ስሜ የወጣ ሰው ነኝ። የምሠራው ልብስ ስፌት ቤት ነው፤ እዚያ "እሱ ይቀድዳል፣ እኛ እንሰፋለን" እያሉ ነው የሚቀልዱብኝ። አንድ ጊዜ ድመቴ የሬዲዮ ዜና ካልሰማች ወተት አትጠጣም ብዬ፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሊያዩ ቤቴ ድረስ መጥተዋል።

ይሄኛው ግን እንደዚያ አይደለም። ቀድጄው ቢሆን ኖሮ መጨረሻውን አሳምሬ እሰጣችሁ ነበር።

ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ነው።

ሌሊት አይደለም... ውሻ አይጮኽም፣ መብራት አልጠፋም። ፀሐይ ቆርቆሮውን እያጋለች፣ የስፌት መኪናው ሁሉ ባንድ ላይ እየተንጫጫ፣ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ባለበት አዳራሽ ውስጥ ነው ነገሩ የመጣው።

መጀመሪያ ስለ ሥራችን ልንገራችሁ፤ አለዚያ አይገባችሁም።

እኛ የምንሰፋው አንሶላና የትራስ ልብስ ነው። ለሆቴል፣ ለሆስፒታል... በቃ ተኝቶ ለሚያድር ሰው ሁሉ። እኛ ራሳችን እንቅልፍ የለንም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ሁላችንም አንድ ዓይነት ግራጫ ጋዋን እንለብሳለን፣ አንድ ዓይነት ግራጫ ኮፍያ እናደርጋለን። ፊታችን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባችን ወደ አዳራሹ ነው። ከኋላችን፣ ከፍ ብሎ፣ የካቦው የመስታወት ክፍል አለ።

ካቦው ከዚያ አይወርድም። ሥራው መቁጠር ነው።

ጀርባ ይቆጥራል። ጠዋት ይቆጥራል፣ ከምሳ በፊት ይቆጥራል፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ደስ ባለው ሰዓት ይቆጥራል። ጀርባው የጎደለ ሰው የዚያን ቀን ሂሳብ አይታሰብለትም። ስማችንን እንኳ የሚያውቀው አይመስለኝም። "ፊቴን መንገድ ላይ ቢያገኘው ዘግቶኝ ያልፋል፣ ጀርባዬን ቢያገኘው ግን አቅፎ ይስመዋል" እያልኩ ሰውን አስቅ ነበር።

በዚህ የተነሳ አንድ ልማድ ነበረን።

ሽንት ቤት የሚሄድ ሰው፣ ልጇን ልታጠባ በጓሮ በኩል ሹልክ የምትል እናት፣ ጋዋኑን አውልቆ ለወንበሩ መደገፊያ ያለብሰዋል። ኮፍያውን ከላይ ጣል ያደርጋል። ጎረቤቱ ደግሞ አለፍ አለፍ እያለ በክርኑ ነካ ያደርግለታል፣ የሚሠራ እንዲመስል። "ጀርባ ማስጠበቅ" እንለዋለን። "ጀርባዬን ጠብቂልኝ" ማለት እኛ ቤት እንደ "ደህና ዋይ" ነው።

ሁሉም ያደርገዋል። ግን ለአፍታ ነው።

ያበዛሁት እኔ ነኝ።

ሰው ሲያየኝ ሳቂታ ነኝ። ውስጤ ግን... እንዴት ብዬ ልንገራችሁ... ከጥቂት ወራት በፊት "ሰው ሊቀነስ ነው" የሚል ወሬ ስፌት ቤቱን ይዞረው ጀመር። ያን ሰሞን አንድ ቀን፣ መኪናዬ ላይ እንዳለሁ፣ ደረቴ ላይ ሰው ቁጭ አለ።

ሌላ መግለጫ የለኝም። ከባድ ሰው።

አየር አጠረኝ። እጄ ቀዘቀዘ። አሁኑኑ ካልወጣሁ እሞታለሁ ብዬ ወጣሁ፤ አልሞትኩም። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተመልሶ መጣ። ከዚያ ወዲያ ሰባት ሰዓት ሲሆን፣ ቀጠሮ እንዳለው ሰው፣ ከች ይላል።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ጥሩ ሰው ናት፣ ሳትቸኩል አዳመጠችኝ። ልብህ ደህና ነው፣ ይሄ ጭንቀት ነው፣ ኪኒኑን ትውጣለህ፣ ከሥራም ለትንሽ ጊዜ ታርፋለህ አለችኝ። ዕረፍቱንም ፋርማሲ ከኪኒኑ ጋር ይሸጡታል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀች።

እኔ የምሬን ነበር።

እኔ ሳርፍ የሚያርፈው ደመወዜ ነው። የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል። ወገቧ ከተያዘ ወዲህ እሷ መሥራት አትችልም። ያቺን ክፍል ያቆማት የእኔ ወንበር ነው። ወንበሩ ከሄደ ክፍሏ ትሄዳለች። ክፍሏ ከሄደች... እናቴ በዚያ ወገቧ የት ትተኛለች?

ሐሳቤ ሁሉ እሱ ነበር። ወንበሩ።

ኪኒኑን ደግሞ ስውጠው ያንቀላፋኛል። መርፌው ጣቴን ከአንሶላው ጋር አብሮ ሊሰፋው ምንም አይቀረው። ብውጥ መሥራት አልችልም፣ ባልውጥ መሥራት አልችልም። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችሁ ያውቃል? በሩን ስትከፍቱት ግድግዳ፣ ግድግዳውን ስትደገፉት በር።

ለካቦው መናገር ፈራሁ። አንዲት ልጅ መኪናዋ ላይ ስታለቅስ ታይታ "ጭንቅላቷ ልክ አይደለም" ተባለችና ሳምንት ሳይሞላት ተሸኝታለች።

ለእናቴ ግን ልነግራት ሞከርኩ።

እሑድ ከሰዓት ነው፣ ወገቧን እያሸሁላት ነው።

"እማ፣ ደረቴ ላይ ሰው ይቀመጥብኛል።"

"ወፍራም ነው ቀጭን?" አለችኝ።

"እማ፣ የምሬን ነው።"

"እንግዲያው ኪራይ ይክፈል። እኛ ለምንተኛባት እየከፈልን።"

ከዚያ ሳቀች። ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ወገቧን ይዛ "በቃ ልጄ፣ ገደልከኝ" አለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ ሳያት... እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ምን ላድርግ? ዕድሜ ልኩን ሲቀድድ የኖረ ሰው አንድ ቀን እውነት ቢናገር ማን ይሰማዋል።

እና ሰውዬውን ሠራሁት።

ስፌት ቤት ውስጥ ቁርጥራጭ ጨርቅ እንደ ልብ ነው። ሁለት የመጥረጊያ እንጨት አመሳቅዬ አሰርኩ። የተበላሸ የትራስ ልብስ በቁርጥራጭ ጠቅጥቄ ሆድና ጀርባ አደረግሁለት። ሌላ ትንሽ የትራስ ልብስ ጠቅጥቄ ራስ። የፅዳት ጓንት ሞልቼ እጅ። ፊት አልሠራሁለትም፤ ለማን ብዬ? ካቦው የሚያየው ጀርባ ነው። ትርፍ ጋዋኔን አልብሼ፣ ኮፍያ ደፍቼ፣ ወንበሬ ላይ ሳስቀምጠው ከእኔ የተሻለ ቁመና ነበረው።

ስም አወጣሁለት። ጋሽ ቡትቶ።

ሰዉ በሳቅ ሞተ። አንዱ "ጋሽ ቡትቶ እንደምን አደሩ" ይላል፣ አንዷ "ጋሽ ቡትቶ እስካሁን ሚስት አላገኙም እንዴ" ትላለች። ያልሳቀችው አጠገቤ የምትሰፋው ሴትዮ ብቻ ናት። የዚግዛጉ መኪና ላይ ስለምትሠራ እትዬ ዚግዛግ ነው የምንላት። በዕድሜ እናቴን ታክላለች።

"አንሳው" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ለምን እትዬ?"

"ሰው የሚቀመጥበት ላይ ሰው ያልሆነ ነገር አይቀመጥም።"

"እኔስ ሰው ነኝ እንዴ?" አልኳት።

አልሳቀችም። ወደ መኪናዋ ዞረች።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ጋሽ ቡትቶን ከጠረጴዛዬ ሥር አወጣውና ወንበሬ ላይ አስቀምጠዋለሁ። እጆቹን መኪናው ላይ አስደግፋለሁ። እኔ ጎንበስ ብዬ ግድግዳውን ታክኬ ወደ መጋዘኑ። መጋዘኑ ውስጥ ጣቃ ጨርቅ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፤ ከድርድሩ ጎን አንድ ሰው የሚያስተኛ ጥግ አለች። እዚያ ተጋድሜ፣ ደረቴ ላይ ያለው ሰውዬ እስኪነሳልኝ፣ በቀስታ እተነፍሳለሁ። ሲለቀኝ ተመልሼ እሰፋለሁ።

በሽታዬም ቦታ አገኘ፣ ደመወዜም አልተነካ። ነርሷ ያዘዘችልኝን ዕረፍት በሌላ ሰው ጀርባ አረፍኩት ማለት ነው። ራሴን "አንተ ሊቅ" እለው ነበር።

ከዚያ...

አንድ ቀን ስመለስ፣ ጀምሬ የተውኩት አንሶላ ተሰፍቶ አልቋል። ታጥፎ ተቀምጧል።

እትዬ ዚግዛግ የረዳችኝ መስሎኝ ዕድሜ ይስጥልኝ አልኳት። ምን ስላደረግሁ ነው አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

አንሶላውን ገለጥኩት። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው... በውጥር ክር የተለካ ነው የሚመስለው። የእኔ ስፌት የሰከረ ሰው መንገድ ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል። ታዲያ ይሄ የማን ነው?

አንዱ ተንኮለኛ ይሆናል ብዬ ተውኩት። እኔ ሰውን ስሸውድ እኖር የለ፤ እኔንም የሚሸውደኝ አይጠፋም።

በማግስቱ ስመለስ ጋሽ ቡትቶን ብድግ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ወንበሩ ሞቋል።

ሰው አሁን የተነሳበት ወንበር ታውቁታላችሁ አይደል? እንደዚያ ነው። የጋሽ ቡትቶን አንገትጌ ነካሁት። እርጥብ ነው። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት።

ላብ ነው።

ያውም የእኔው የራሴ ጠረን።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀናት ጋሽ ቡትቶን ከጠረጴዛው ሥር አላወጣሁትም። ደረቴ ላይ ሰውዬው እንደተቀመጠብኝ ልሰፋ ሞከርኩ። እግሬ ፔዳሉ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ክሩ ይበጠሳል፣ አንሶላው ይጨማደዳል። አንድ ቀን ከላይ የካቦው ድምፅ ማጉያ ኮሽ አለ።

"ከዳር አራተኛው ጀርባ... ይንቀጠቀጣል። ይስተካከል።"

አራተኛው እኔ ነኝ።

ማንም ዞሮ አላየኝም። "ይስተካከል" ነው ያለው። አሞሃል ወይ አላለም፣ ማን ነህ አላለም። ሲጥ ሲጥ የሚል በር ዘይት ቀቡት እንደማለት ነው።

በማግስቱ ጋሽ ቡትቶን አወጣሁት። ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ?

መጋዘን ተጋድሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ድምፅ ማጉያው እንደገና ኮሽ ሲል ሰማሁ።

"አራተኛው ጀርባ... ጎበዝ። እንዲህ ነው እንጂ።"

ሳቄ መጣ። አፌን በእጄ ይዤ ሳቅሁ። ከዚያ ግን አንድ ነገር አሰብኩና ከተጋደምኩበት ተነስቼ ተቀመጥኩ።

ጨርቅ እንዴት አድርጎ ነው ጎበዝ የሚባለው?

ተመልሼ ስቀመጥ እትዬ ዚግዛግ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። ፊቷ ላይ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ርኅራኄ ነበረ።

"ቅድም የነገርከኝን ለማንም አልናገርም።"

"ምን ነገርኩሽ?"

"የደረትህን ነገር። ኪኒኑን። እናትህ መሳቋን።"

"እንዲህ ረጋ ብለህ ስታወራ ሰምቼህ አላውቅም" አለችኝ። "ለካ ሰው ነህ።"

በፈጣሪ ነው የምላችሁ... እኔ ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። ቅድም መጋዘን ነበርኩ።

"እትዬ... ቅድም እዚህ የተቀመጠው እኮ ጋሽ ቡትቶ ነው።"

"ማን?"

"ጋሽ ቡትቶ።"

እየቀለድኩ እንደሆነ ለማወቅ ፊቴን አየችው። ከዚያ ትከሻዋን ነቀነቀችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ያኔ ነው ልብ ያልኩት። "እንደምን አደሩ ጋሽ ቡትቶ" የሚለውን ቀልድ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው? የሚስቱን ነገር ያነሳ ሰው አለ?

ማንም አያስታውሰውም። ወይም... ማንም ጨርቅ ነው ብሎ አያስብም።

የዚያን ቀን ሰው ሁሉ ሲወጣ ወደ ኋላ ቀረሁ። ጋሽ ቡትቶን ከጠረጴዛው ሥር ጎትቼ መሬት ላይ ዘረጋሁትና ሆዱን በመቀስ ቀደድኩት።

እኔ ውስጡን ዝም ብዬ ነው የጠቀጠቅሁት። ያገኘሁትን ቁርጥራጭ ሁሉ፣ እፍኝ እፍኝ።

አሁን ግን ቁራጩ ከቁራጩ ተሰፍቷል።

በዚያ ቀጥ ባለ ስፌት። አንዳንዱ ረዝሞ፣ ቀጥኖ፣ ራሱ ላይ ተጠቅልሏል። ከፍ ብሎ ደረቱ ውስጥ ሁለት ከረጢቶች አሉ፣ ጎን ለጎን፣ እንደ ሕፃን ትራስ ትንንሽ። እጄን ሳሳርፍባቸው አየር ለቀቁ።

እፍፍ... አሉ። እንደ ደከመው ሰው።

እንጨቱን ሰበርኩ። ስፌቱን በጣጠስኩ። በቆሻሻ ከረጢት ከትቼ በር ላይ አወጣሁትና የቆሻሻ መኪናው መጥቶ እስኪወስደው ድረስ ቆሜ ጠበቅሁ። መኪናው ሲፈጨው በዓይኔ አየሁ። ቤቴ ገብቼ እናቴን ሳምኳት። ምን አገኘህ ዛሬ አለችኝ። ተገላገልኩ አልኳት።

በማግስቱ ካቦው ወረደ።

ጠዋት ገና ስንገባ እትዬ ዚግዛግ ሹክ ብላኝ ነበር። ዛሬ ከምሳ በኋላ ይወርዳል፣ ትከሻውን የተነካ ሰው ዕቃውን ይዞ ይሄዳል፣ አትንቀሳቀስ አለችኝ። ሰዉ ሁሉ እንደተተከለ እንጨት ተገትሮ ይሰፋል። ቀልድ የለም፣ ሳል የለም። እኔም ለራሴ ማልኩ... ዛሬ ብሞትም ከዚህ ወንበር አልነሳም።

ሰባት ሰዓት ሆነ።

ደረቴ ላይ ያለው ሰውዬ መጣ። ያን ቀን ዘመዶቹን ሁሉ ይዞ ነው የመጣው።

ከንፈሬን ነከስኩ። ጣቶቼ አልታዘዝ አሉ። ክሩ ተበጠሰ፣ ቀጠልኩት፣ ተበጠሰ። ከጉሮሮዬ ውስጥ የማላውቀው ድምፅ መውጣት ጀመረ... የታነቀ በግ ዓይነት። ካቦው እንዲህ ሆኜ ካየኝ አለቀልኝ። ወንበሩን ባዶ ካገኘውም አለቀልኝ። ጋሽ ቡትቶ ደግሞ የለም፤ በገዛ እጄ ገድዬዋለሁ።

ምን ላድርግ?

ጋዋኔን አወለቅሁ፣ ለወንበሩ አለበስኩት። ኮፍያዬን ከላይ ጣል አደረግሁ። "እትዬ፣ ጀርባዬን" አልኳት። ለአፍታ ብቻ... አየር እስካገኝ ብቻ... በአራት እግሬ እየዳህኩ መጋዘን ገባሁ።

ገና መተንፈስ ስጀምር መኪናዎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ዝም አሉ።

የእግር ኮቴ ተሰማኝ።

በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ካቦው አጭር ሰው ነው፤ ሙሉ ቁመቱን ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። እጁን ኋላው አድርጎ ከጀርባችን ኋላ ይሄዳል። አንዱን ትከሻ ነካ ያደርጋል። የተነካው ሰው ቃል ሳይተነፍስ ተነስቶ ይወጣል። ይቀጥላል። ሌላ ይነካል።

ወደ እኔ ወንበር ደረሰ።

ቆመ።

የሰቀልኩት ባዶ ጋዋን ነበር...

ባዶ አልነበረም።

ትከሻው ሞልቷል። አንገት አለው። ከኮፍያው ሥር የማጅራት ፀጉር ይታያል፣ እንደ እኔው ሳይስተካከል የቆየ። ካቦው እጁን ዘረጋ። ዓይኔን ልጨፍን ፈለግሁ፣ አልቻልኩም። ከነወገብ ሕመሟ መንገድ ዳር የተቀመጠች እናቴ ታየችኝ።

ካቦው እጁን መለሰ። ጎንበስ ብሎ ጆሮው ላይ አንድ ነገር ሹክ አለው።

ጀርባው ራሱን ነቀነቀ። እሺ።

ካቦው አለፈ።

ደስ አለኝ። አልዋሻችሁም፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ወንበሬ ተረፈ። እናቴ ተረፈች። በጣቃዎቹ መሐል ተንበርክኬ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ከዚያ በኋላ ነው... የተቀመጠው ማን ነው የሚለው ጥያቄ የመጣልኝ።

ካቦው ወደ መስታወቱ ክፍል ወጣ። መኪናዎቹ እንደገና ተንጫጩ። እየዳህኩ ወጣሁ፣ ግድግዳውን ታክኬ እትዬ ዚግዛግ ኋላ ደረስኩ። እሱ ከእሷ ቀጥሎ ይሰፋል። ፊቱን አላየሁትም፤ ወደ ግድግዳው ነው። እጆቹን ብቻ አየሁ። አንሶላው በመዳፎቹ መሐል እንደ ውሃ ይፈስሳል።

"እትዬ" አልኩ።

አልዞረችም።

"ተመለስ።"

"እትዬ እኔ ነኝ።"

"ተመለስ ልጄ። እየቆጠረ ነው። አንድ ጀርባ ይበዛል።"

ቀና ብዬ አየሁ። ካቦው ከመስታወቱ ኋላ ቆሞ ጣቱን በአየር ላይ ይሰነዝራል... ከዚህኛው ወደዚያኛው፣ ከዚያኛው ወደሚቀጥለው።

ተመለስኩ።

ማንም አላስገደደኝም፣ በገዛ ጉልበቴ ነው ዳዴ እያልኩ የተመለስኩት። አንድ ጀርባ ከበዛ አንድ ጀርባ ይቀነሳል። የትኛው እንደሚቀነስ ደግሞ አውቃለሁ። ስፌቱ ጠማማ የሆነው ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲወጡ ተከተልኩት። ፀሐይዋ ገና አልገባችም። ግራጫው ጀርባ ከፊቴ ይሄዳል። አረማመዱ የእኔ ነው፣ ግን የማይቸኩል። እኔን ሲያይ "ዛሬ ደግሞ ምን ይዘህ መጣህ ቀዳጁ" የሚለኝ ባለሱቅ ከወንበሩ ተነስቶ ሰላም አለው። ለመድረስ ሮጥኩ። እኔ ስሮጥ እሱ ሳይቸኩል ራቀኝ። ቤታችን ገባና በሩን ዘጋ።

መስኮቱ ሥር ቆምኩ።

እናቴ ፊቷ ወደ እኔ ነው። የእሱ ጀርባ ነው የሚታየኝ። እጇ ትከሻው ላይ ነው።

"ያን ቀን ስትነግረኝ መሳቄ..." አለችው። ድምፅዋ ተሰበረ። "እኔ እናት አይደለሁም። ልጄ ታሞ ሳቅሁ።"

እሱ መዳፉን እጇ ላይ ደረበ።

"ነገ ቅር። ሥራው ይቅር፣ እንደ ምንም እንሆናለን። ወገቤ ይችላል፣ ልብስ አጥባለሁ። ብቻ አንተ እረፍ።"

እሱ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ነገም እገባለሁ ማለቱ ነው።

ስንት ወር ሙሉ ልሰማው የተመኘሁት ቃል ነበር። ከእናቴ አፍ ወጣ... ለእሱ።

በሩን አንኳኳሁ። በዝግታ መጣች፣ ወገቧን ይዛ። ከፈተች። ፊቴን አየችው። ደህና አድርጋ አየችው፣ ከላይ እስከ ታች።

"እማ" አልኳት።

ለመንገደኛ ሁሉ "ልጄ" ነው የምትለው። ለእኔም አለችኝ።

"ልጄ፣ ድምፅህን ቀንስልኝ" አለችኝ በሹክሹክታ። "የኔው ልጅ ታሞብኛል፣ አሁን ገና ነው ጋደም ያለው።"

ከዚያ ገብታ ቁራሽ ዳቦ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝና በሩን በቀስታ፣ እንዳይጮኽ ይዛ፣ ዘጋችው።

እንግዲህ የት ልሂድ? ያገኘሁት ቦታ መጋዘኑ ነው።

ይሄን የምጽፍላችሁም ከዚያው ነው። ካቦው በየቀኑ ይቆጥራል፤ ጀርባው ልክ ነው። ደመወዙ ቤት ይገባል፤ እናቴ ክፍሏ ውስጥ ናት። ደረቴ ላይ የሚቀመጠው ሰውዬ ከዚያ ቀን ወዲህ መጥቶብኝ አያውቅም። ሰባት ሰዓት ሲሆን እጠብቀዋለሁ... ዝም ነው። እጄን ደረቴ ላይ ሳደርግ የሚመታ ነገር ፈልጌ አጣዋለሁ።

ዛሬ ጥጌ ውስጥ ልጋደም ስል ቦታው ጠበበኝ። አዲስ ጣቃ አስገብተው መስሎኝ ድርድሩን ገፋ አደረግሁት።

ከኋላው ጨርቅ አይደለም ያለው።

ሰዎች ናቸው። ጋዋን የላቸውም፣ ኮፍያ የላቸውም። ጉልበታቸውን አቅፈው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ ረድፍ ረድፍ ሆነው፣ ዓይኔ እስከሚደርስበት ጨለማ ድረስ ተቀምጠዋል። አንዱም አልዞረም። አንዱም አልተነፈሰም።

ዳር ላይ ያለው ብቻ... ሳይዞር... ቀስ ብሎ ጠጋ አለልኝ።